ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ

የነከሰኝ ውሻ የነፍስ አባቴ ውሻ ነው። ዛሬ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ እናገረዋለሁ፤ ያኔ ግን ይህን ከአፌ ለማውጣት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አፍ አጥቼ አይደለም። እኔን የሚያውቅ ሁሉ አፌ እንደማያርፍ ያውቃል፤ ጨርቅ አሳንሶ አምጥቶ ሙሉ ሱሪ ስፊልኝ የሚለኝን ሰው ገበያ መሀል ልክ ልኩን ነግሬ የምመልስ ሴት ነኝ። ቄስ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የምኖረው እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቅ ትንሽ የገበያ መንደር ነው። ከባሌ ከተለያየሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከትዳሬ የቀሩኝ አንዲት ሴት ልጅና አንድ በእግር የምትረገጥ የልብስ ስፌት መኪና ናቸው። ሁለቱንም ያስቀረሁት ተሟግቼ ነው፤ ስለዚህ ሙግት አላውቅም ብል ውሸት ነው። ልጄ መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ኪራይዋ፣ ደብተሯ፣ ዘይቷ፣ ሽሮዋ፣ ሁሉም የሚወጣው ከቀኝ እግሬ ነው፤ መኪናዋን መርገጥ የለመድሁት በቀኜ ነውና።

በዚያ ክረምት የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም እንድሰፋ ሰጠኝ። ስድሳ ልብስ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ጨርቁን ሰብስበው ለከተማ ሰፊዎች ሊሰጡት ተስማምተናል። እንዲያ ያለ ሥራ በአንድ ጊዜ አግኝቼ አላውቅም። ገና ክሩን ሳልገዛ የልጄን የዓመት ኪራይ በልቤ ከፍዬ ጨርሼ ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የነፍስ አባቴን ቀሚስ ጠጋግኜ ልሰጣቸው ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እኔ የምጠራቸው አባ ብዬ ነው፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ውሻቸውን የማውቀው ታስሮ ነው፤ ስለዚህ ዱላም አልያዝሁ፣ ዙሪያዬንም አላየሁ። አጥሩ ጋ ቆሜ “ቤቶች” ስል ከጎተራው ጀርባ ወጣ። ጮኾ ቢሆን እሸሽ ነበር፤ አልጮኸም። በቀጥታ መጥቶ የቀኝ ባቴን ያዘኝ።

አባ በከዘራ እየመቱ አስለቀቁኝ። ባለቤታቸው ውኃ ይዘው ሮጡ። አባ ራሳቸው ተንበርክከው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ደሙ እስኪጠራ ድረስ እግሬን በሳሙና አጠቡኝ። የነፍስ አባቴ እግሬን ሲያጥቡ እኔን ያሳፈረኝ ቁስሉ አልነበረም፤ የተረከዜ ንቃቃት ነው። ሰው እንዴት በዚያ ሰዓት ስለ ተረከዙ ያስባል? እኔ አሰብሁ።

“ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ልጄ” አሉኝ። ስለ ውሻው ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልሁም። ቀሚሱን አስረክቤ፣ መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ እያነከስሁ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያው ያለው እዚያው መንደራችን ነው። ነርሷ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ቁስሉን እንደገና አጠበችና ካርድ አውጥታ “ውሻው የማን ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ከማኅበር እህቶቼ ሁለቱ ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው እኔ ጋ ነው። የአባ ስም ምላሴ ላይ መጣና ተመለሰ። ቄሱ ውሻ ለቀው ሰው አስነከሱ ሲባል፣ በየጠላ ቤቱ መሳቂያ ሲሆኑ ታየኝ። የእኔን ኃጢአት ሁሉ ሰምተው ለአንድ ሰው ትንፍሽ ያላሉ ሰው ናቸው። እኔ የእሳቸውን አንዲት ጉድለት አደባባይ ላውጣ?

“ባለቤት የለውም። የመንገድ ውሻ ነው” አልሁ።

እንዲህ ስል ቀለል አለኝ። መልካም የሠራሁ ነው የመሰለኝ። ነርሷ ካርዱ ላይ “ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ” ብላ ጻፈችና ፊቷ ጠቆር አለ። ባለቤቱ ቢታወቅ ውሻው ታስሮ አሥር ቀን ይታይ እንደነበር፣ ካልታወቀ ግን እብድ ነው ተብሎ እንደሚያዝ አስረዳችኝ። መርፌው ደግሞ እኛ ዘንድ ስላልነበረ ደብረ ታቦር ድረስ እየተመላለስሁ በቀጠሮ መወጋት ነበረብኝ። አንዱንም ቀጠሮ እንዳልዘል አስጠነቀቀችኝ፤ በዚህ በሽታ ከታመሙ በኋላ መዳን የለም አለችኝ። አንዷ የማኅበር እህቴ በርበሬ ነስንሺበት፣ ሌላዋ አረቄ አፍስሺበት እያሉ መከሩኝ። የነርሷን ምክር ሰማሁ። ለዚህ ለዚህ እንኳ ልብ አላጣሁም።

መመላለሱን ምን ብዬ ልንገራችሁ። በዚያ ጭቃ፣ አንድ ቀን በባጃጅ፣ አንድ ቀን በጭነት መኪና፣ መካነ ኢየሱስ ደርሼ ከዚያ በአውቶቡስ ደብረ ታቦር። ለክር ያስቀመጥሁት ለመንገድ አለቀ። እግሬ አብጦ መርገጫው ላይ ሳስቀምጠው እስከ ወገቤ ድረስ ይነዝረኛል። በግራዬ ሞከርሁ፤ ስፌቱ እባብ የሄደበት መሰለ፤ ፈታሁት። ከስድሳው ልብስ የጨረስሁት ሰባት ነበር። የቀረው ጨርቅ ጥግ ተከምሮ ያየኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ዝም ብዬ እዘልቀው ነበር። ዝምታዬን የሰበረው ሌላ ነገር ነው።

ገበያ ውስጥ የምሰፋበት በረንዳ ሥር አንድ ቡላ ውሻ ይተኛ ነበር። የማንም አይደለም። የጨርቅ ቁርጥራጭ የምጥልበትን ጥግ አልጋው አደረገው፤ እኔም ከምሳዬ የተረፈውን እጥልለታለሁ። ስም አላወጣሁለትም፤ “አንተ” ስለው ይነሳል። ለሁለተኛው መርፌ ደብረ ታቦር ሄጄ ስመለስ በረንዳው ሥር የለም። ጎረቤቴ ባለ ሱቁ ፈገግ ብሎ እየተቀበለኝ “ደምሽን መለስንልሽ” አለኝ። የነከሰኝ ባለቤት የሌለው ውሻ ነው የሚለው ወሬ በመንደሩ ተዳርሶ፣ ወንዶቹ በትር ይዘው ወጥተው፣ ባለቤት የሌለው ያሉት ውሻ እሱ ሆነ። አልሸሸም አሉኝ። ለምን ይሸሻል? የሚያውቀው ሰው ነው የመጣበት።

ባለ ሱቁ ምስጋና ይጠብቃል። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥሁና መቀሴን አንስቼ የሚቆረጥ ነገር ስፈልግ ቆየሁ። ያን ውሻ የገደልሁት እኔ ነኝ። በትር አላነሳሁም፤ ግን ገዳዮቹን ወደ እሱ የላክኋቸው በአፌ ነው።

ከዚያ በኋላ አባ ላይ ተናደድሁ። እሳቸውን ለማዳን የዋሸሁት እኔው ሆኜ “ዋሽታለች” ብለው ባለመውጣታቸው መናደዴ ጉድ ነው፤ ግን ደሜ ፈላ። እሳቸውም ሰምተዋል። ውሻው ሲገደል ሰምተዋል፣ እኔ ደብረ ታቦር ስመላለስ አይተዋል፣ እሑድ ለእሑድ መስቀል ሲያሳልሙኝ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። የእሳቸው ውሻ እቤቱ በአዲስ ገመድ ታስሮ እንጀራውን ይበላል።

ነገሩ ደግሞ ተደብቆ አልቀረም፤ የአባ ባለቤት ለአንዷ የማኅበር እህቴ አውርተውላት ኖሯል። እሷ መጥታ “አንቺ ብቻ ዝም በይ። ቄስ ተከሶ የት አገር ታየ? ቢያኮርፉና ቢሄዱ ማን ሊቀድስልን ነው?” አለችኝ። የክረምት ትምህርት ይዛ ከተማ የከረመችው ልጄ በበኩሏ በስልክ “እማ፣ የውሻው ባለቤት ካሳ መክፈል አለበት እኮ፣ ሕግ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አንብቤዋለሁ” አለችኝ። “አንቺ ስልክሽን ትተሽ ደብተርሽን አንብቢ” ብዬ ዘጋሁባት። ከዘጋሁ በኋላ ግን ካሳ የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ለራሴ ልጅ የማልመልሰው ነገር ሆነብኝ።

የፍልሰታ ጾም ገባ። በፍልሰታ እቆርባለሁ፤ ለመቁረብ ንስሐ መግባት አለብኝ፤ ንስሐ የምገባው ደግሞ ለአባ ነው። እስኪ አሁን ይህን ምን ይሉታል?

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲበተን አባ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከጥድ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ካፊያው አላቆመም። ነጠላዬን ተከናንቤ ከፊታቸው ቆምሁ።

“ዋሽቻለሁ አባ።”

“ምን ብለሽ?”

“ያውቁታል።”

“ከአንቺ አፍ ልስማው።”

ነገርኋቸው። የጤና ጣቢያውን፣ ካርዱን፣ ቡላውን ውሻ፣ “ደምሽን መለስንልሽ” መባሌን። ስለ ውሻው ስናገር ድምፄ ተቆራረጠ፤ ለመንገድ ውሻ ሳለቅስ አፈርሁ። በእሳቸው መናደዴንም አልደበቅሁም። እንደጀመርሁት ልጨርሰው ብዬ “እርስዎም ዝም አሉ” አልኋቸው። ለነፍስ አባቴ እንዲህ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አባ መስቀላቸውን በአውራ ጣታቸው አሻሹ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

“ስግደት እንዳልሰጥሽ እግርሽ አይችልም” አሉ። “ቀኖናሽ ይህ ነው። ቃሉን ከተናገርሽበት ቦታ ሂጂና አስተካክዪው። ካርዱ ላይ ያለው ይሰረዝ።”

“እሱ ከተሰረዘ እርስዎ ይጠየቃሉ።”

“እጠየቃለሁ።”

“ሰው ምን ይለኛል አባ? የነፍስ አባቷን ከሰሰች ነው የሚለኝ።”

“ይበል። እዚህ የነገርሽኝን እኔ የትም አልናገረውም። በዓይኔ ያየሁትን ግን እናገራለሁ፤ እሱ የራሴ ነው።” ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ከዚህ በወጣሁ ቁጥር እግሬ ወደ ጤና ጣቢያው ያመራና መንገድ ላይ ይመለሳል። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ነው የሆንሁት። አንቺ ቀደምሽኝ። ነገ በማለዳ ተነሺ፣ በቅሎዋን እጭናለሁ።”

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ ራሱ የቀለለኝ መሰለኝ።

በማግሥቱ እኔ በቅሎ ላይ፣ አባ ልጓሙን ይዘው ጭቃውን እያቋረጡ ከፊት። ልውረድ ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንሁ፣ ሦስት ጊዜ እንዳልሰሙ ሆኑ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ገባን። ነርሷ አንዴ እኔን አንዴ አባን ታያለች።

“ውሻው የእኔ ነው” አሉ አባ። “አለ። ታስሯል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ምንም አልሆነም።”

ልጅቱ ትከሻዋ ወረደ፤ ለካ ለእኔ ስትሰጋ ነው የከረመችው። ውሻው እስካሁን ደኅና ከሆነ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነገረችን፤ የቀረችኝን አንድ መርፌ ግን ጨርሺ አለችኝ። አባንም ውሻውን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስደው እንዲያስከትቡ አዘዘቻቸው። “ባለቤቱ ያልታወቀ” የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ ከጎኑ የአባን ስም ጻፈችና እንዲያዩት ካርዱን አዞረችላቸው። አባ መነጽራቸውን አውጥተው፣ እንደ ወንጌል ከፍ አድርገው ይዘው አነበቡት። “ትክክል ነው” ብለው መለሱላት።

እኔ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። እሳቸው በቅሎዋን ወደ መካነ ኢየሱስ መንገድ አዞሩ። መንገድ ላይ የሚያገኘን ሰው ሁሉ መስቀል ይሳለምና “ወዴት ነው አባ?” ይላል። “ልከሰስ” ይሉታል። ሰውየው ቀልድ መስሎት ስቆ ያልፋል። እኔ በቅሎዋ ላይ ሆኜ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንሁ።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ በትልቅ ዣንጥላ ሥር አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ይቀመጣል። ክረምት ነውና ፍርድ ቤቱ ከተረኛ ችሎት በቀር ዝግ ነው፤ እሱም ሥራ ፈትቶ እስክሪብቶውን ይነክሳል። ወረቀቱን አመቻችቶ “ከሳሽ ማን ናቸው?” አለ። እጄን አወጣሁ። “ተከሳሽስ?” አለ። አባ “እኔ ነኝ” አሉ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በዚህ ወንበር ከተቀመጠ ጀምሮ ከሳሽና ተከሳሽ ተባልተው እንጂ በአንድ በቅሎ ሲመጡ አይቶ እንደማያውቅ ነገረን።

ከመሳቁ በቀር ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ፣ ውሻው አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ይነክሳል ብሎ አስቦት የማያውቅ ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት እንደማይወጣ አስረዳን። የሕክምናውን፣ የመንገዱን፣ ሥራ የፈታሁበትን ሁሉ መጠየቅ እችላለሁ። ሁለት ዓመት እስኪያልፍ ድረስ ጊዜ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ልብስ ስሰፋ የቀኝ እግሬ ዋጋ በሕግ ያለው መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቀና ብዬ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ሰውየው ወደ አባ ዞረና ራሱን ወዘወዘ። ለካህን አዝኖ ነው መሰለኝ። “አንድ መንገድ ግን አለ አባ” አለ። “ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት፣ እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው ሊላቀቅ ይችላል። ውሻውን ይስጧትና ይገላገሉ።”

ውሻውን ምን አደርገዋለሁ? ውሻ የቤት ኪራይ አይከፍል፣ ጨርቅ አይሰፋ። ሃምሳ ሦስት ልብስ ጥግ ላይ ተከምሮ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ወር እንኳ አልቀረውም፤ እኔ የነከሰኝን ውሻ በገመድ ይዤ ወደ ቤቴ ስገባ ታየኝ። አንድም ቃል ግን አልተናገርሁም። መናገር ያለብኝን ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ የቀረው የእሳቸው ነበር።

አባ “ይህ ለማን ነው የሚሠራው አልህ?” ብለው ጠየቁት።

“ጥፋት ለሌለበት ባለቤት።”

“እንግዲያ ለእኔ አይሆንም” አሉ አባ። “ገመዱ ከተበጠሰ ሳምንት አልፎት ነበር። ባለቤቴ በየቀኑ ትነግረኛለች፤ እኔ ነገ እቀይረዋለሁ፣ ነገ እቀይረዋለሁ ስል ነው ልጅቱ የተነከሰችው።”

ሰውየው ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። “አባ፣ ይህን እርስዎ ካልተናገሩት ማንም አያውቀው።”

“ጻፍ” አሉት።

ጻፈ። እኔ ያኔ ነው ያለቀስሁት። ለካሳው አይደለም፤ ካሳው ገና ምን እንደሚሆን አላወቅሁም። አንድ ትልቅ ሰው፣ የሚያመልጥበት በር ተከፍቶለት፣ እኔን አይቶ በሩን ሲዘጋ በሕይወቴ አይቼ ስለማላውቅ ነው። የተለየሁት ባሌ መኪናዋን ከእኔ ለማስቀረት ስንት ምስክር እንዳቆመብኝ አልረሳሁትም።

ፍርድ ቤቱ ዝግ ስለሆነ ሰውየው የስምምነት ወረቀት አዘጋጀልን፤ ሁለት ሽማግሎች ምስክር ሆነው ፈረሙበት፣ ፍርድ ቤት ሲከፈትም አቅርበን አስጸደቅነው። አባ የመርፌውንና የመንገዱን ወጪ በጎቻቸውን ሸጠው ሰጡኝ። ሥራ ለፈታሁበት ደግሞ እህል ሊሰጡኝ አሰቡ። እኔ ግን የቸገረኝ እህል ሳይሆን እግር መሆኑን ተናገርሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ “እግሯ እስኪድን ድረስ የስፌት መኪናዋን የሚያዞርላት ሰው ያቆማሉ” የሚል ገባ። መኪናዋ በቀኝ በኩል ክብ ጎማ አላት፤ እሱን በእጅ የሚያዞር ሰው ካለ መርገጫው ባይረገጥም ትሰፋለች።

ሰው ያቆማሉ የተባሉት አባ በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው መጥተው አጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ገበያው ሥራውን ትቶ እኛን ሊያይ ቆመ። ባለ ሱቁ አፉን ከፍቶ ቀረ። አባ ወኔያቸው ብዙ ነው፤ ጎማውን እንደ ወፍጮ ሲያከንፉት ገና በመጀመሪያው ኮሌታ መርፌዬን ሰበሩት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሁለተኛ። “አባ፣ ይህ ከበሮ አይደለም፤ እኩል አድርገው ያዙሩ እንጂ” አልኋቸው። ከተናገርሁ በኋላ ምላሴን ነከስሁ። እሳቸው ሳቁ። “እኩል የምሄድበትን አንድ ነገር አውቃለሁ” አሉና ዳዊታቸውን በቃላቸው መድገም ጀመሩ። እጃቸው የቃሉን አካሄድ ተከትሎ ረጋ አለ፤ ስፌቱም ልክ ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዩኒፎርሙ በዳዊት ተሰፋ። የዕለቱን ድርሻ ሲያደርሱ ስንት ልብስ እንደሚያልቅ አወቅሁት፤ የሰኞው ድርሻ ሦስት ልብስ ይሰፋል፣ ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ ሳይቆጠር። ቄስ ከሰሰች ብለው ሰላምታ የነሱኝ የማኅበር እህቶቼ መጀመሪያ በሩቁ አዩን። በሳምንቱ አንዷ ጠጋ ብላ ቁልፍ ልትተክልልኝ ጠየቀችኝ፤ ያችው “ዝም በይ” ያለችኝ ናት። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ግን ቁልፍ ስትተክል እጇ ጥሩ ነው። ጾሙ ሲፈታ የአባ ባለቤት ምሳ ይዘውልን መጡና አባ ገመዱን ነገ ነገ ማለታቸውን እዚያው በፊታቸው በደንብ አድርገው ተረኩልኝ። አባ አንገታቸውን ደፍተው ጎማቸውን ያዞራሉ።

ስድሳኛውን ልብስ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ጨረስነው። የልጄ ኪራይ ተከፈለ። ካሳ መብትሽ ነው ባለችኝ ጊዜ ስልክ ስለዘጋሁባት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷም ከዚያ ወዲህ የሕግ ሰው ሆና ቀርታለች፣ ለጓደኞቿ ሁሉ ታስረዳለች። ከዩኒፎርሙ በተረፈው ቁርጥራጭ አራት እጥፍ አድርጌ ለአባ ውሻ የአንገት ማሰሪያ ሰፋሁ። ወስጄ ስሰጣቸው “ዋጋው ስንት ነው?” አሉኝ። “ሲላላ ነገ አለማለት ነው” አልኋቸው። ውሻው ከወዲያ ጮኸብኝ። አሁንም አልወደድሁትም፤ እሱም አልወደደኝም። ታስሮ እስከጮኸ ድረስ ግን መብቱ ነው።

ጥቅምት ላይ እግሬ ድኖ መኪናዬን ራሴ መርገጥ ጀመርሁ። ባቴ ላይ ጠባሳ አለ፤ ሲበርድ ያሳክከኛል። አንድ የገበያ ቀን ከወደ ስማዳ በኩል የመጣች ወጣት ሴት የተቀደደ ቀሚስ አምጥታ እንድጠግንላት ሰጠችኝ። የተቀደደው እጅጌው ላይ ነው። ክንዷ በጨርቅ ተጠምጥሟል።

“ምን ሆነሽ ነው?” አልኋት።

“ውሻ ነው፤ ትናንት። የመንገድ ውሻ ነው፣ ባለቤት የለውም” አለች። ስለ ባለቤቱ ሳልጠይቃት ነው የተናገረችው።

እግሬን ከመርገጫው አነሳሁ። በረንዳው ሥር ያለውን የቁርጥራጭ ጥግ አሳየኋት። “ባለቤት የሌለው ውሻ እዚህ ይተኛ ነበር” አልኋት። “ማንንም ነክሶ አያውቅም። እንዳንቺ ባለች ሴት ቃል ነው የሞተው።” ባቴን ገልጬ ጠባሳውን አሳየኋትና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኋት።

ሴትዮዋ ጥጉን ብዙ ጊዜ አየችው። የተጠቀለለውን ክንዷን በሌላው እጇ ያዘች።

“የአማቴ ውሻ ነው” አለች።

ቀሚሱን አጥፌ አስቀመጥሁት፤ መኪናዋን በጨርቋ ሸፈንኋት። ገበያው ገና መሙላቱ ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ እስከ ማታ ክፍት ነው። ተነስቼ ነጠላዬን ለበስሁና ከፊቷ ፊቷ ሄድሁ።